እማዬ፣ እኔና የሥጋው ዕጣ፦ ከሜልቦርን ኩበር ፒዲ በመኪና

የመንገዱ ልጅ (ሜልቦርን)

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ባለፈው «እናቴ ከወገል ጤና መጥታለች፣ ሜልቦርን ሰልችቷታል፣ የት ልውሰዳት?» ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር። ግማሻችሁ «ባሕር ዳር ውሰዳት» አላችሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብላት ጣና የምንሄድ መስሏት ሻንጣዋን አወጣች። አንድ ሰው ብቻ «ኩበር ፒዲ» ብሎ ጽፎ ጠፋ። ያንን ሰው ፈልጉልኝ። ልመርቀው ይሁን ልክሰሰው ገና አልወሰንኩም።

ለማታውቋት፦ ኩበር ፒዲ ከአዴሌድ በስተ ሰሜን 846 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች፣ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ የሚቆፈርባት ከተማ ናት። ከእኛ ቤት ደርሶ መልስ ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ብዙው ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ መሬት ውስጥ ነው የሚኖረው።

ተሳፋሪዎች፦ እኔ ሾፌር። ታናሽ እህቴ ካርታ አንባቢና አስተርጓሚ። እማዬ ከኋላ ወንበር ጠቅላይ አዛዥ። ወሩ ነሐሴ ነው። ለበረሃው ጥሩ ወር ነው፣ ቀኑ አያቃጥልም። ግን ነሐሴ ማለት ፍልሰታም ነው። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

እማዬ የጫነችው፦ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቡና፣ ጀበና፣ ስኒ፣ እጣን፣ አንድ ጀሪካን ጠበል። ረከቦቱን ብቻ አስቀረሁባት። እስካሁን ታነሣብኛለች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከነዳን በኋላ አራራት ደረስን። እህቴ ሰሌዳውን ጮክ ብላ አነበበች። እማዬ ከእንቅልፏ ብድግ አለች። «የኖኅ መርከብ ያረፈችበት?» ለነገሩ ስሙ ከዚያው ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1841 ሆሬሺዮ ዊልስ የሚባል በግ አርቢ መንጋውን እየነዳ እዚህ ሲደርስ፣ እንደ መርከቧ እኛም አረፍን ብሎ ተራራውን አራራት አለው። ይህን ባልነግራት ይሻል ነበር። መኪና አስቆመችኝ። ነዳጅ ማደያው በር ላይ ወርዳ ተራራውን ሦስት ጊዜ ተሳለመች። አጠገባችን ነዳጅ የሚቀዳው ሰውዬ ግራ ገብቶት ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ ዳድስዌልስ ብሪጅ። ይህች መንደር ምን አላት? 14 ሜትር ቁመት ያለው የኮዋላ ሐውልት አላት፣ ኮዋላ ዛፍ ላይ የሚኖር የዚህ አገር እንስሳ ነው። መንገድ ዳር ተቀምጦ አላፊውን ያፈጥጣል። እማዬ አንገቷን አቅንታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ምን ሠርቶላቸው ነው?» አለች። ሐውልት የሚቆመው አገር ላቀና ነዋ።

«ቅጠል ይበላል፣ ይተኛል» አለቻት እህቴ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «አጎትህም እኮ እንዲሁ ነው። ማን ሐውልት አቆመለት?»

ይቀጥላል። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ላምጣ።

ተጠራጣሪው (ዴንቨር)

14 ሜትር ኮዋላ? ፎቶ ከሌለ አልተደረገም።

ወይዘሪት ጨዋ (ብሪዝበን)

ተጠራጣሪው፣ አንተ ይህን አገር አታውቀውም። እዚህ ትንሽ ከተማ ሁሉ አንድ ትልቅ ነገር አላት። ኮፍስ ሃርበር ትልቅ ሙዝ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ። ጎልበርን 15 ሜትር የሚሆን በግ አለ፣ ሆዱ ውስጥ ሱቅ ነበረው። ኪንግስተን የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ 17 ሜትር ቁመት ያለው ሎብስተር (ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ) አላት። እኔና ባለቤቴ ሎብስተሩ ሥር ተጣልተን ነው የታረቅነው። እሱ «ፎቶ ላንሳሽ» ይላል፣ እኔ «ከዚህ ጭራቅ ጋር አልነሣም» እላለሁ።

ደላላው (ፒያሳ፣ አዲስ አበባ)

እኛስ ብንሠራ? ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ 20 ሜትር ብርድ ልብስ።

ቡና ጠጭ (ፐርዝ)

ሸኖ ላይ ትልቅ ቅቤ። ግን ፀሐይ ሲወጣ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?

ደላላው (ፒያሳ፣ አዲስ አበባ)

ሐረር ጅብ። አርባ ምንጭ አዞ፣ ሙዝ የያዘ።

ወይዘሪት ጨዋ (ብሪዝበን)

አዳማ ላይ ትልቅ የትራፊክ ፖሊስ። እሱ ግን ሐውልት መሆኑን ማንም አያውቅም።

አስተዳዳሪ

ክሩ ወደ ቅርጻ ቅርጽ ሳይሄድ ባለ ታሪኩ ይመለስ። (ኮምቦልቻ ላይ ትልቅ ቢራ። ይቅርታ፣ አልቻልኩም።)

የመንገዱ ልጅ (ሜልቦርን)

ተመለስኩ። ክፍል ሁለት፣ ስለ ጣት ነው።

ከሆርሻም ወዲያ ዋናውን መንገድ ትተን በስንዴ እርሻዎች መካከል ገባን። ካኖላው (የዘይት እህል ነው) ማበብ ጀምሯል፣ ሜዳው ቢጫ ነው። እማዬ «መስከረም ሳይጠባ አደይ?» ብላ መስኮት ላይ ተለጠፈች። መንገዱ ላይ በየአሥር ደቂቃው አንድ መኪና ከፊት ይመጣል። ሾፌሩ እጁን ከመሪው ሳያነሣ አመልካች ጣቱን ብቻ ቀጥ ያደርጋል። እኔም ቀጥ አደርጋለሁ። ያልፋል።

አምስተኛው ላይ እማዬ ጠየቀችኝ። «ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«ታዲያ ምን አለህ?»

«ሰላም አለኝ።»

«በአንድ ጣት?»

ገጠር እንዲህ ነው፣ የማያውቁትን ሰው ሰላም ይላሉ ብዬ አስረዳኋት። ዝም ብላ አሰበች። ከዚያ «አንድ ዓመት ሙሉ ሜልቦርን ተቀምጬ ጎረቤት ሰላም አላለኝም። ሰዎቹን እዚህ ደብቃችኋቸው ነው እንዴ?» አለች። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው መኪና ሁሉ መልሱን እሷ ወሰደች። ጣት አይደለም። ከወገቧ ጎንበስ፣ እጇን ደረቷ ላይ፣ «እንደምን ዋላችሁ፣ እግዜር ይመስገን»። መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነው የሚያልፈው። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ሌላው ይደርሳል። የበግ መኪና ሲያልፍ በጎቹንም ጨመረቻቸው።

ማታ ለማደር አንዲት ከተማ ገባን። ስሟን አልጠራም፣ ምክንያቱን ታዩታላችሁ። አንድ መንገድ፣ አንድ የስንዴ ጎተራ፣ አንድ ሆቴል። ሆቴል ይላል እንጂ ከታች መጠጥ ቤት፣ ከላይ አልጋ ነው። እማዬ ምንም አልገረማት። የደሴ መንገድ ሆቴል ሁሉ እንዲሁ ነው።

አሁን ምግብ። እህቴ ለአስተናጋጇ አስረዳች። ሥጋ አንበላም። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልም የለም። ሴትየዋ በጣም ደግ ናት፣ ከልቧ አሰበች።

«ዶሮስ?» አለች።

እህቴ ዶሮም ሥጋ ነው አለቻት። ሴትየዋ ወጥ ቤት ገብታ ተማክራ ተመለሰች። «ካም አለን።» ካም ማለት የአሳማ ሥጋ ነው። መጨረሻ ላይ የተጠበሰ ድንች አንድ ተራራ ተሰጠን። ጎኑ ላይ ሰላጣ፣ ሰላጣው ላይ አይብ። አይቡን አንሥታ ይቅርታ ጠየቀችን። ሴትየዋን ወደድናት።

ዓርብ ማታ ነበር። ወረቀት የያዘ ሰውዬ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዞራል። ትኬቱ 2 ዶላር ነው። ለመንደሩ እግር ኳስ ቡድን መርጃ ነው አለን። እማዬ «ለልጆች ከሆነ ስጡት» አለች። ሦስት ቆረጥን። ዕጣው ምን እንደሆነ አልጠየቅንም። የናንተን አላውቅም፣ እኔ ከዚህ ወዲህ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

ቁጥር ተጠራ። የእማዬ ነው። ቤቱ ሙሉ አጨበጨበ። ሰውዬው በሁለት እጁ ተሸክሞ መጣ። የበግ ጎድን፣ ቋሊማ፣ ስቴክ፣ ከላይ ደግሞ የአሳማ ሥጋ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ። እማዬ ፊት አስቀመጠው። በፍልሰታ። በዓርብ።

እማዬ ትሪውን አየች። እኔን አየች። «ልጄ» አለች በቀስታ፣ «ይህ ፈተና ነው።»

ቡና ጠጭ (ፐርዝ)

ኧረ በስመ አብ! ከሥራ ቦታ ነው የማነበው፣ በሳቅ አለቃዬ መጣ።

ደላላው (ፒያሳ፣ አዲስ አበባ)

እኔ 15 ዓመት ሙሉ ሎተሪ ቆርጬ ሃያ ብር ነው የደረሰኝ። እሳቸው በአንድ ሌሊት በግ!

ተጠራጣሪው (ዴንቨር)

ሥጋ በዕጣ? ይህ ደግሞ ፈጠራ ነው።

ወይዘሪት ጨዋ (ብሪዝበን)

ፈጠራ አይደለም፣ በየመንደሩ አለ። እኛ ሰፈር ገና ሲደርስ የደነደነ የአሳማ እግር ይወጣል። እማማ ምን አደረጉ? ቶሎ በል።

የመንገዱ ልጅ (ሜልቦርን)

እማዬ ትሪውን መለስ አድርጋ ገፋችው። ሰውዬው ትክክለኛው አሸናፊ እርስዎ ነዎት ብሎ መልሶ ገፋው። ሁለት ዙር ተገፋፉ። እህቴ «ሃይማኖት ነው፣ አሁን መብላት አንችልም» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ከባንኮኒው ጥግ አንድ ሽማግሌ ከውሻቸው ጋር ተቀምጠዋል። እማዬ ተነሥታ ትሪውን እሳቸው ፊት አኖረችው። «አባቴ፣ እርስዎ ይብሉ፤ ለውሻዎም ይስጡት፣ እሱ ጾመኛ አይደለም» አለች፣ በአማርኛ። ሽማግሌው አንድም ቃል ሳይገባቸው ሁሉም ገባቸው። ተነሥተው ጨበጧት። ቀጥሎ ምን ሆነ? ቤቱ ሙሉ ለእሷ ለስላሳ መጋበዝ ጀመረ። አምስት ብርጭቆ ሎሚ። ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ስትመላለስ ደረጃው ይጮህ ነበር።

ባለ 53 ሜትር (አዴሌድ)

ሰላም። እኔ ከአዴሌድ ዳርዊን የጭነት መኪና እነዳለሁ። ስሜ ከዚያ ነው፣ እዚያ መንገድ ላይ ተጎታቾቹን ቀጣጥለን እስከ 53.5 ሜትር እንሄዳለን። ሳቁን ላቋርጥ አልፈልግም። ግን ይህን አንብቦ ነገ የሚነሣ አለና ጥቂት ልበል።

ከፖርት ኦገስታ በላይ ስትሄዱ ነዳጅ ባያችሁበት ሙሉ። ከግሌንዳምቦ እስከ ኩበር ፒዲ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ማደያ የለም። ስልክም አብዛኛው ቦታ አይሠራም። ውሃ ያዙ፣ ለመጠጥም ለመኪናውም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቁሙ። ካንጋሮ የሚወጣው ያኔ ነው፤ መንገዱን ሊያቋርጥ የነበረው ድንገት ሐሳቡን ቀይሮ ወደ እናንተ ይዘላል። መሪ አትጠምዝዙ፣ ፍሬን ያዙ። እኔን ልትቀድሙኝ ስትፈልጉ አንድ ኪሎ ሜትር ንጹሕ መንገድ ይታያችሁ። 53 ሜትር በመስታወት ከምታስቡት ይረዝማል።

ጣት የማንሣቱን ነገር በተመለከተ፦ እኛ አራት ጣት ነው የምናነሣው። ባለ ጭነት ነንና።

ግመል ጠባቂ (ዱባይ)

ወንድም ባለ 53፣ እዚያ በረሃ ባለቤት የሌለው ግመል አለ የሚባለው እውነት ነው? አፋር ያሉ ዘመዶቼ እንቅልፍ አጥተዋል።

ባለ 53 ሜትር (አዴሌድ)

እውነት ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ እንዲሸከሙ ከነነጂዎቻቸው አመጧቸው። ነጂዎቹን ሁሉ «አፍጋን» ይሏቸው ነበር፣ ብዙዎቹ ግን ከዛሬዋ ፓኪስታንና ሕንድ ነበሩ። ከአዴሌድ ዳርዊን የሚሄደው ባቡር «ጋን» የተባለው ከነሱ ስም ነው። መኪና ሲመጣ ግመሎቹን በረሃ ለቀቋቸው። እነሱም ተባዙ።

የመጀመሪያው ግመል ታሪክ ደግሞ ለብቻው ነው። ስሙ ሃሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ከካናሪ ደሴቶች ሲጫኑ ከነበሩት እሱ ብቻ በሕይወት ደረሰ። በ1846 ጆን ሆሮክስ የሚባል አሳሽ ይዞት በረሃ ገባ። ሃሪ ይናከሳል፣ ወጥ ሠሪውን ጭንቅላቱን ነክሶታል። አንድ ቀን ሆሮክስ ጠመንጃውን ሲያጎርስ ሃሪ ዞር አለና ጭነቱ ቃታውን ነካው። ጥይቱ ሆሮክስን ጣቱንና ጉንጩን መታው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በቁስሉ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ግመሉ ይገደል ብሎ አዘዘ።

ግመል ጠባቂ (ዱባይ)

ሳይጠየቅ ተፈረደበት ማለት ነው! ሽማግሌ እንኳ አልተቀመጠም!

ቡና ጠጭ (ፐርዝ)

እኛ ጋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1932 መንግሥት ስንዴ የሚያጠፉ ኢሙ የሚባሉ ትልልቅ ወፎችን ሊወጋ ወታደርና መትረየስ ላከ። ኢሙዎቹ ተበታትነው ሮጡ፣ ወታደሩ ተመለሰ። ለግመሉ ይግባኝ ባይጠየቅ ወፎቹ ደሙን መልሰዋል።

የመንገዱ ልጅ (ሜልቦርን)

ክፍል ሦስት። የባለ 53ን ምክር ከመሄዴ በፊት ባነብ ኖሮ! የነዳጁን እናልፈዋለን። እማዬ የሰማዕቱን ስም 40 ጊዜ ጠርታ ነው የደረስነው፣ መብራቱ በርቶ።

ደቡብ አውስትራሊያ ስንገባ ሰዓቱ በ30 ደቂቃ ወደ ኋላ ሄደ። አዎ፣ ግማሽ ሰዓት። እማዬ ሰዓቷ በኛ አቆጣጠር ነው። እህቴ ስልክ፣ የሐበሻ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ስትደምርና ስትቀንስ የምሳ ሰዓት አለፈ። ጿሚዋ እማዬ ብቻ አልከፋትም።

ሎኪኤል የምትባል መንደር ጋ ሮዝ የሚመስል የጨው ሐይቅ አለ። መካከሉ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተሠራ ዘንዶ ብቅ ብሏል። ከኮዋላው በኋላ እማዬ ምንም አትጠይቅም። «እሺ» ብቻ አለች።

ከፖርት ኦገስታ በላይ መንገዱ ቀጥ፣ መሬቱ ቀይ፣ ዛፉ ጉልበት የማይደርስ። ማረፊያ ቦታ ላይ ቆመን ቡና ተፈላ። እጣኑ ሲጨስ አንድ ባልና ሚስት «እሳት ተነሣ?» ብለው ከተጎታች ቤታቸው ሮጠው መጡ። ጡረተኞች ናቸው። ይህ አገር በነሱ ሞልቷል፣ ቤታቸውን በመኪና እየጎተቱ ዓመቱን ሙሉ ይዞራሉ። እማዬ በጆሮዬ «ልጆቻቸው ቤቱን ቀምተዋቸው ነው?» አለችኝ። ኧረ ለመዝናናት ነው ብላት አላመነችኝም። አዘነችላቸው። አቦሉን ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ ያዘቻቸው። ቶናውን ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ ያዘቻቸው። በረካ ሳይጠጣ ማን ይሄዳል? ሰውዬው በበረካው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሚስቱ ለእማዬ ከዝንብ የሚከላከል መረብ ያለው ባርኔጣ ሰጠቻት። ከነጠላዋ በላይ ደረበችው። ማር ልትቆርጥ የምትሄድ መነኩሲት መሰለች።

ግሌንዳምቦ መግቢያ ላይ ሰሌዳ አለ። ሕዝብ ብዛት፦ በግ 22,500፣ ዝንብ 2,000,000 ገደማ፣ ሰው 30። እህቴ ስትተረጉምላት እማዬ «በጉን ከሰው አስቀደሙት?» አለች። ቆይታ ደግሞ «ልክ ናቸው። የሚያበላቸውን አስቀደሙ።»

ከዚያ ኩበር ፒዲ። በሩቁ ፍልፈል የቆፈረው ሜዳ ይመስላል፣ በሺዎች የሚቆጠር ነጭ ክምር አፈር። ስሙ ከአገሬው አቦሪጅኖች ቃል የመጣ ነው፣ የነጭ ሰው ጉድጓድ እንደማለት። በየቦታው ጉድጓድ ውስጥ የሚወድቅ ሰው ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ቆሟል፣ ወደ ኋላ አትራመዱ ይላል። ለፎቶ ወደ ኋላ እያሉ የሚገቡ አሉና። ተጠራጣሪው፣ ፎቶ የሌለኝ ለዚህ ነው። መኪና ውስጥ ተቀምጠው ፊልም የሚያዩበት ሜዳ አላቸው። እዚያ ደግሞ ፈንጂ ይዞ መግባት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ይታይ ነበር። ማዕድን ቆፋሪው ከሥራ ድማሚቱን በኪሱ ይዞ ይመጣ ነበራ።

መሬት ውስጥ አደርን። መስኮት የለም፣ ሙቀቱ ሳይጨምር ሳይቀንስ። እማዬ ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰች። «እኛ አገር እኮ ይህ ቤተ ክርስቲያን ነው» አለች። ጠዋት ያገኘነው ቤተ ክርስቲያን ራሱ ከመሬት በታች ነው። ሰርቦች እ.ኤ.አ. በ1993 ነው የፈለፈሉት፣ በነቢዩ ኤልያስ ስም። እማዬ ጫማዋን አወለቀች። እዚያ ጫማ የሚያወልቅ የለም። ጣሪያውን ቀና ብላ አየች፣ ቅስቶቹን፣ በድንጋዩ ላይ የቀረጹትን ቅዱሳን። ከዚያ ግንባሯን መሬት አድርጋ ቆየች። በጣም ቆየች። እኔና እህቴ ምንም አልተነጋገርንም።

ስትወጣ ያለችው፦ «ጥሩ ነው። የላሊበላው ግን ሥራው ይበልጣል።»

መምህር ነኝ ባይ (ለንደን)

ሰርቦች እኮ የእኛ ቤተ ክርስቲያን የማትቀበለውን የኬልቄዶን ጉባኤ የተቀበሉ ናቸው። እማማ እዚያ መስገዳቸው...

አስተዳዳሪ

ኬልቄዶን የተደረገው እ.ኤ.አ. በ451 ነው። በዚህ ክር ላይ ዛሬ አይደገምም። ቀጥል።

የመንገዱ ልጅ (ሜልቦርን)

አሁን ዋናው። አንድ የኦፓል ሱቅ ገባን፣ እሱም ዋሻ ነው። ባለቤቱ ሰማንያ የሚጠጋ ግሪካዊ ሽማግሌ። ዕድሜውን ሲቆፍር የኖረ። ስለ ከተማዋ አወራን። እ.ኤ.አ. በ1915 አባቱን ተከትሎ ወርቅ ፍለጋ የመጣ ዊሊ ሃቺሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ውሃ ሊፈልግ ወጥቶ ነው ኦፓሉን ያገኘው። እማዬ እህቴ እስክትተረጉም ትጠብቃለች፣ ዓይኗ ግን መስታወቱ ላይ ነው። ዋጋውን ጠየቀች። ተነገራት። ሳቀች። በጣም ሳቀች።

ከዚያ መሐረቧን ከጡቷ ሥር አወጣች። ቋጠሮውን ፈታችው። ውስጡ የአተር ያህል ድንጋይ። የአክስቴ ልጅ ከደላንታ ገደል ቆፍሮ ያወጣው፣ ለሚስቴ ስጦታ። ዓመት ሙሉ ከሻንጣዋ አልወጣም፣ ጊዜ ስትመርጥ።

ሽማግሌው ወደ መብራቱ አስጠጋው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካን። ዝም አለ። ከዚያ ልማዱ ነው መሰለኝ ወደ ውሃው ሳህን ሊነክረው እጁን ሰነዘረ።

«ኧረ ውሃ አታስነካው!» እማዬ ጮኸች። በአማርኛ። ዋሻው አስተጋባ።

ሽማግሌው ቆመ። አያት። ፈገግ አለ። «ወሎ?» አለ። በዚያ በተሰባበረ አነጋገር፣ ግን ወሎ።

እማዬ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ወሎ! ወሎ ነኝ! ወገል ጤና!»

ከዚያ በኋላ እህቴን ማንም አልፈለጋትም። ሁለቱ በየቋንቋቸው አንድ ሰዓት ተከራከሩ። እሱ የኔ ድንጋይ ውሃ አይፈራም ይላል፣ ሳህኑ ውስጥ ጨምሮ ያሳያል። እሷ የኔ ቀለሙ ይበልጣል ትላለች፣ ወደ መብራቱ ታስጠጋለች። የእናንተ ድንጋይ ገበያዬን ገደለው አለ። እህቴ ተረጎመች። እማዬ ከልቧ አዘነች፣ «ይማረን» አለች፣ ዋጋ ግን አልቀነሰችም። ምክንያቱም አልሸጠችለትም። ሦስት ጊዜ ጠየቃት።

ደላላው (ፒያሳ፣ አዲስ አበባ)

እማማ ልክ ናቸው። ይህ የእኔ ሥራ ነው፣ ላስረዳ። የደላንታው ኦፓል በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ነው የሚወጣው። ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ቀለሙ ይጠፋና እንደ መስታወት ያሳልፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። አንዳንዱ ቀናት ይወስድበታል። ያላወቀ ገዢ «አበላሸኸው» ብሎ ይጣላል። ዘይትና ሳሙናም አይወድም። የአውስትራሊያው ከጥንት የባሕር ደለል ውስጥ ነው፣ ውሃ አይጠጣም፣ ለዚያ ነው ሽማግሌው ያለ ስጋት የሚነክረው። እና ስንት ግራም ነው? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ወይዘሪት ጨዋ (ብሪዝበን)

ደላላው፣ የሰው ስጦታ ላይ!

ደላላው (ፒያሳ፣ አዲስ አበባ)

ስሜ እኮ ተጽፏል።

ተጠራጣሪው (ዴንቨር)

እሺ፣ ይህን አመንኩ። ውሃ አታስነካው የሚለውን ማንም አይፈጥረውም።

ባለ 53 ሜትር (አዴሌድ)

ሽማግሌውን የማውቃቸው መሰለኝ። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ ባንኮኒያቸው ላይ ሁለት የሐበሻ ስኒ አየሁ። ከየት መጣ ብዬ ግራ ገብቶኝ ነበር።

የመንገዱ ልጅ (ሜልቦርን)

እማዬ ናት የሰጠችው። እሱ ደግሞ የራሱን ድንጋይ ሰጣት፣ ቀለሙ ጫፉ ላይ ብቻ ብልጭ የሚል። አሁን ሁለቱም አንድ መሐረብ ውስጥ ናቸው። ሚስቴ እስካሁን አልደረሳትም። «ሲጣሉ እንዳይበላሽ ትንሽ ይላመዱ» ትላለች እማዬ።

ቡና ጠጭ (ፐርዝ)

እማማ አሁን ሜልቦርንን ለመዱት?

የመንገዱ ልጅ (ሜልቦርን)

ትናንት ፉትስክሬይ ገበያ ይዣት ስሄድ ከፊት መቀመጫ ጣቷን ለሚመጣው መኪና ሁሉ ታነሣለች።

ወይዘሪት ጨዋ (ብሪዝበን)

የትኛውን ጣት? እባክህ አመልካቹን በለኝ።

የመንገዱ ልጅ (ሜልቦርን)

አመልካቹን ነው፣ ተመስገን። 31 መኪና ቆጠረች። አንድም አልመለሰላትም። መብራት ላይ ስንቆም ግን አንድ የቆሻሻ መኪና ሾፌር አያትና አራት ጣቱን አነሣ። «ይኸኛው የአገር ቤት ልጅ ነው» አለች። አይደለም፣ ፈረንጅ ነው። አልነገርኳትም።